ያልተዘጋው ቅንፍ

ላቦራቶሪ ውስጥ «እትዬ ጠብታ» ይሏታል። ዕድሜዋን ሙሉ ደም ስትመረምር የኖረች ሴት ናት፤ አንዲት ጠብታ ጠረጴዛ ላይ ከፈሰሰች ቀኑን ሙሉ ፊቷ አይፈታም። ቤቷ ስትገባ ግን የሚቆጡትም የሚያኮርፉትም ሰው የለም። ባሏ ካረፈ ቆይቷል። ብቸኛ ልጇ ሌላ ከተማ የምርምር ተቋም ተቀጥራ ሄዳለች። የቀረው የልጅቷ ክፍልና አሮጌ ላፕቶፗ ነው።

ልጅቷ እሁድ እሁድ ትደውላለች፤ እውነቱን እንናገር፣ ቀርታ አታውቅም። ግን ምን ዋጋ አለው! «እማዬ ደህና ነሽ? ጉልበትሽስ? በይ ቻው።» አለቀ። አንድ እሁድ እናት «ቆይ ግን ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የምትሠሪው?» ብላ ጠየቀቻት።

«የዘረመል መረጃ እተነትናለሁ፣ R በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ። ብነግርሽም አይገባሽም፣ እማዬ።»

ልጅቷ ክፋት አስባ አልነበረም። እናት ግን ስልኩን ዘግታ ብድግ አለች። «አይገባሽም? እኔን? ቆይ አሳይሻለሁ!» አለች ለባዶው ሳሎን።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ላፕቶፑ ላይ ነው። ልጅቷ ድሮ የተለማመደችበት መረጃ ከነትዕዛዙ እዚያው ተቀምጧል፤ ከታመሙና ከጤነኛ ሰዎች የተወሰደ ናሙና፣ በየናሙናው የትኛው ዘረመል ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳይ ቁጥር። ትዕዛዙን በሁለት ጣት እየለቀመች ጻፈችና «Enter» የሚለውን ቁልፍ ተጫነች። መልስ የለም፤ አንዲት የመደመር ምልክት ብቻ ብቅ አለች። ደግማ ብትጫን ሌላ የመደመር ምልክት። ወይ ጣጣ! ማሽኑ ጨምሪ የሚላት መስሏት መጫኑን ጨመረችበት። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች የመደመር ምልክት ሆነ።

እሁድ እያፈረች ለልጇ ነገረቻት። ስልኩ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። «R ከፈትሽ? አንቺ? ቅንፍ ከፍተሽ ሳትዘጊው ቀርተሽ ነዋ! እስክትጨርሺ እየጠበቀሽ ነው እኮ።»

ቅንፉን ዘጋችው፤ መልሱ ዱብ አለ። የዚያን ዕለት እስኪመሽ አወሩ። በቅንፍ ጀምረው ስለ ልጅቷ ነዝናዛ አለቃ፣ ስለ አባትዬው ቀልድ፣ ያላነሱት የለም። እናት ስልኩን ስታስቀምጥ ጆሮዋ ግሎ ነበር።

ለየእሁዱ አዲስ ስህተት አላጣችም። ነጠላ ሰረዝ ትረሳለች፣ የፋይል ስም ታዛባለች፣ ልጅቷም እየሳቀች ታርማታለች። ግን ምን ታድርገው፣ እጇ ለመደ። አንድ ቀን ትዕዛዙ ያለ አንዳች ስህተት ሄደላትና ስዕሉ ወጣ፤ የታመሙት ቀይ ነጥብ ሆነው በአንድ ወገን፣ ጤነኞቹ ሰማያዊ ሆነው በሌላ ወገን። ብቻዋን እልል ልትል ምንም አልቀራት። እሁድን መጠበቅ አቅቷት ራሷ ደወለች።

«ጎበዝ! እንግዲህማ እኔም አላስፈልግሽም» አለች ልጅቷ። «በይ ሥራ ላይ ነኝ፣ ቻው።»

እሁድም ሆነ። «የተበላሸ ነገር የለም አይደል?» አለች ልጅቷ። የለም። ያው ጉልበት፣ ያው ቻው። እትዬ ጠብታ ያንን የደከመችበትን ስዕል ስታየው አስጠላት። ምነው ባላወቅሁት ኖሮ ብላ አለቀሰች።

በሚቀጥለው እሁድ ላፕቶፑን ከስልኩ አጠገብ አኖረችው። ዕድሜዋን ሙሉ አንዲት ጠብታ አባክና የማታውቅ ሴት፣ ደህና ከሚሠራው ትዕዛዝ መጨረሻ ላይ ቅንፉን በገዛ እጇ አጠፋችው። ስልኩ ጮኸ።

«ልጄ፣ ያ የመደመር ምልክት መጣብኝ እኮ።»

ልጅቷ እንደ ልማዷ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። እናቷ ያንን ስህተት ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ ደግማው አታውቅም።

«እማዬ» አለች ድምጿ ለስልሶ፣ «ጠብቂኝ፣ ወንበር ልሳብ። በይ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ።»