ኬላው የለመደው ፊደል

በደርግ ጊዜ ከቆቦ ወደ ወልዲያም ሆነ ወደ ደሴ መውጣት የፈለገ ሰው መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር። ባለሥልጣን ሆኜ አይደለም፤ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ስለነበርኩ ነው። የይለፍ ወረቀት የምመታው እኔ ነኝ። ታማሚው፣ ለቅሶ የሚደርሰው፣ ነጋዴው፣ ሁሉም መስኮቴ ሥር ጥላውን እየተከተለ ይሰለፋል። ስሙን ጠይቄ እመታለሁ፣ አለቃዬ ይፈርማል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ከዚያ "በሰላም ግቡ" ብዬ እሸኛለሁ። እኔን የሚሸኘኝ ግን አልነበረም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ሲሉ እኔን አይተው ሳይሆን አይቀርም።

ቆቦን ጠልቼ አልነበረም፤ ሙቀቷን ካልቆጠርን በቀር። ልጄ ደሴ ስለነበረች ነው። ገና ድክ ድክ ስትል ወባ እየመላለሰ ጣላት። የጤና ጣቢያው ሰው "ይቺን ልጅ ደጋ አውጧት፤ እዚህ ከቆየች አልወድላትም" አለኝ። አባቷ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። እናቴ ከደሴ መጥታ አዝላት ሄደች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ልጄ የያዘችውን ጥንቅሽ እየመጠጠች በመስኮት አየችኝ። አላለቀሰችም። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ፤ ወዲያው የምመለስላት መስሏት ነው።

የዝውውር ማመልከቻዬን ለአለቃዬ ሰጠሁት። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ሥራ እንዳይጓደልበት ከሞት ይልቅ የሚፈራ ሰው ነበር። "ጓዲት፣ ተተኪ ይምጣ እንጂ እኔ ምን ገዶኝ" አለኝ። ሥራዬን ጥዬ እንዳልሄድ፣ በዚያ ዘመን ሥራውን ጥሎ የሄደ ምን እንደሚባል ሁላችን እናውቃለን። ደግሞስ ያለ ይለፍ በየት በኩል? ወልዲያ መንገድ ላይ፣ ጎብዬ ኬላ፣ ገመድ ተወጥሯል። ስለዚህ ተተኪዋን እጠብቅ ጀመር።

መጣች። ከአዲስ አበባ የሠለጠነች ቀጭን ልጅ ናት፣ ከአዲስ የጽሕፈት መኪና ጋር በአንድ መኪና ተጭና ደረሰች። ሁለቱንም ሳይ እልል ማለት ነው የቀረኝ።

እዚህ ላይ ስለ መኪናዎቹ ትንሽ ልንገራችሁ። የፊደላችንን ብዛት ታውቃላችሁ፤ ሁሉንም የሚይዝ የጽሕፈት መኪና የለም። ስለዚህ ፊደሉ በየብልቱ ነው የሚመታው። በእኔ አሮጌ መኪና መጀመሪያ እግሩ ወይም ቀለበቱ ይመታል፣ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል፣ ከዚያ አካሉ ይጫንበታል። አዲሱ ተገላቢጦሽ ነው፤ አካሉን አስቀድሞ ቅጥያውን ያስከትላል። በአንዱ የለመደ እጅ ሌላው ላይ ሲቀመጥ የሚወጣው ጽሑፍ የአካል ጉዳተኛ ሁሉ የተሰበሰበበት ይመስላል። መልካቸውም አይገናኝም። የአዲሱ ፊደል ቀጭንና ጥርት ያለ ነው። የእኔው ግን ወፍራም፣ ወደ ግራ ዘመም ያለ፣ ሪባኑ ከቦታው ስለሚንሸራተት ደግሞ ከእያንዳንዱ መስመር ሥር ቀይ ጥላ የሚጥል ነበር። ስንት ጊዜ አፍሬበታለሁ! ያ ቀይ ጥላ እንደሚያስረኝ ግን አላሰብኩም።

አዲሷ ልጅ በአዲሱ መኪና ይለፍ መምታት ጀመረች። ወረቀቷ ሲታይ ደስ ይላል። በማግስቱ ወረቀቷን ይዘው ዓይናቸውን ሊታከሙ ወደ ደሴ የተነሱ አንድ የዋጃ አዛውንት በልጅ ልጃቸው ተመርተው፣ አቧራ ለብሰው መስኮቴ ሥር ቆሙ።

"አባባ፣ ምነው ተመለሱ?"

"ወላሂ ልጄ፣ እኔ ምኑን አውቄ! 'የቆቦ ወረቀት ይህን አይመስልም፣ የሐሰት ነው' ብለው ከጎብዬ መለሱኝ። እስከ ሮቢት በእግሬ ነው የመጣሁ። በይ በእጅሽ አድርጊልኝ፣ ያንቺን ያውቁታል።"

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የኬላው ወታደሮች የሰውን ሁሉ ወረቀት ቁጭ ብለው የሚያነቡበት ጊዜ የላቸውም። ከሩቅ ቀይ ጥላውን ያያሉ፣ ገመዱን ያወርዳሉ። የቆቦ ይለፍ ማለት ለእነሱ ቀይ ጥላ ማለት ነው። ለአዛውንቱ በአሮጌው መኪና መታሁላቸው፤ አለፉ።

አለቃዬ ብልሃት ያገኘ መስሎት ለኬላው ደብዳቤ አስጻፈ፦ ከእንግዲህ ይለፍ የሚመታው በአዲስ መኪና ስለሆነ እንድታሳልፉ። ደብዳቤውን የመታችው ማን ናት? አዲሷ ልጅ። በምን? በአዲሱ መኪና! ደብዳቤውም የሐሰት ነው ተብሎ ከነአምጪው ተመለሰ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄ ስቄ ሳበቃ አለቃዬ ዞር ብሎ አየኝ።

"እንግዲህ ጓዲት፣ ይለፉን በአሮጌው እየመታሽ ትቆያለሽ።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪስተካከል ነዋ።"

ሳቁ እዚያው አፌ ላይ ደረቀ። ልጅቱን አሮጌውን ላስተምራት ሞከርኩ። ጎን ለጎን ተቀምጠን እጇን ይዤ አመታታለሁ። "እትዬ፣ እጄ እኮ እንቢ አለኝ" እያለች ታለቅሳለች። አልፈረድኩባትም፣ ግን እውነቱን ልናገር፣ አንዳንድ ቀን ያንን እጇን ብሰብረው ደስ ባለኝ። ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ቢሮ እገባለሁ። ወደ ደሴ ሂዱ እያልኩ ስም እመታለሁ፣ ወደ ደሴ ሂዱ፣ ወደ ደሴ ሂዱ። ከደሴ የመጣ ሰው ሁሉ ስለ ልጄ ይነግረኛል። ወፍራለች፣ አፏን ፈታለች፣ ትዘፍናለች። የሰው ዓይን ነው ያሳደጋት ለእኔ፤ የእኔ ዓይን አላያትም።

በመጨረሻ ከወልዲያ አንድ የበላይ መኮንን ለሌላ ጉዳይ መጣ። አለቃዬ አዋየው። መኮንኑ አዲሱን ይለፍ በእጁ ይዞ ጎብዬ ድረስ ሄደ፣ ኬላው ግድግዳ ላይ ናሙናውን አስለጠፈ። ከዚያ ወዲህ የልጅቱ ወረቀት ማለፍ ጀመረ። አለቃዬም ቃሉን አላጠፈም፤ ዝውውሬን ፈረመ።

ያን ዕለት ጥንቅሽ ገዛሁ። ሻንጣዬን ቆልፌ ቢሮ ስገባ ልጅቱ "እትዬ፣ ያንቺንስ ይለፍ ልምታልሽ?" አለችኝ።

የዚያ የዋጃው ሰውዬ አቧራ ዓይኔ ላይ መጣ። ስንቱ ተመልሷል በእሷ ወረቀት! የኬላው ሰዎች ለዓመታት የለመዱት የእኔን ነው። "ተይው፣ የራሴን እኔው እመታለሁ" አልኳት። አሮጌው መኪና ላይ አቧራውን ጠርጌ ተቀመጥኩ። ስሜን መታሁ። ቀይ ጥላው ከሥሩ ደመቅ ብሎ ወጣ።

ጎብዬ ደረስን። ወታደሩ ልጅ እግር ነው። ወረቀቴን ተቀበለኝ፣ ግድግዳው ላይ ካለው ናሙና ጎን አስጠግቶ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ።

"እማማ፣ ይሄ የድሮው ነው። ቀርቷል። ይውረዱ።"

"ኧረ የኔ ወንድም! የሁሉንም ወረቀት የምመታው እኔ ነኝ እኮ! የጽሕፈት ቤቱ ታይፒስት ነኝ!"

ወታደሩ በእውነት ገርሞት አየኝ። "እንግዲያማ መቅረቱን ከማንም በፊት ያውቁ ነበራ" አለ።

ሻንጣዬን አወረዱልኝ። አውቶቡሱ ያለ እኔ ገመዱን አለፈ። በእህል ጭነት መኪና ላይ ሆኜ ቆቦ ተመለስኩ፤ ልጅቱ ከበሩ ላይ አየችኝና አዲሱ መኪና ላይ ተቀመጠች። ቀጭን፣ ጥርት ያለ ይለፍ መታችልኝ። ጠዋት መናኸሪያው ባዶ ነበር። ሌሊቱን ጦርነቱ ቀርቦ መንገዱ ተዘግቷል።

ብዙ ቆይቶ መንገዱ ሲከፈት ኬላውም፣ ይለፍ የሚጠይቀው መንግሥትም አልነበሩም። ያንን የተጣጠፈ ወረቀት ከደረቴ ሳላወጣ ያለ ማንም ጠያቂ ደሴ ገባሁ። በእጄ ጥንቅሽ ይዣለሁ።

የእናቴ በር ላይ አንዲት ረዘም ያለች ልጅ ቆማለች። የአባቷ ግንባር ነው፤ አልጠፋችኝም። ስሟን ልጠራ ስል ቀደመችኝ። ጨዋ ልጅ ናት፣ እናቴ በደንብ አሳድጋታለች። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ፣ ሻንጣዬንና ጥንቅሹን አየች፣ እናቴ ወዳለችበት ጓዳ ዞር አለች።

"እማዬን ፈልገው ነው? ልጥራልዎት?"

"አዎ የኔ ልጅ" አልኳት፣ "ጥሪልኝ።"