ቢጫው ቱቦ

መንገሻ ሲደባደብ ያላየ የካናዳዋ ካልጋሪ ሐበሻ ካለ፣ ገና ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ መሆን አለበት። ጠብ ያለሽ በዳቦ ነው ሰውየው! መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲነዳ መንገድ የዘጋበትን ባልደረባውን ጥርስ አርግፎ ከሥራ ተባሯል። ታራዴል ሰፈር ያለው ቤቱ ግድግዳ ላይ በቡጢ የበሳው ቀዳዳ አለ፤ ሚስቱ አፀደ የማርያምን ሥዕል ሰቅላ ሸፍናዋለች።

አንድ ሠርግ ላይ ያደረገው ግን ከሁሉም ይብሳል። ጋሽ ኣብርሃ የሚባሉ፣ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ ቸስተርሚር የሚኖሩ ሽማግሌ፣ ከመንገሻ መኪና ኋላ መውጫ ዘግተው ፓርክ አድርገው አዳራሽ ገብተዋል። እሱ ደግሞ የሥራ ሺፍት ሊያመልጠው ነው። ፈልጎ አገኛቸውና፣ «ቆይ ልጄ፣ ጉርሻዬን ልዋጥ» ቢሉት፣ የአባቱን እኩያ አፍንጫቸውን ሰበራቸው። አበስኩ ገበርኩ! ሽማግሌው እጃቸውን አላነሱም። ደማቸውን በነጠላቸው ይዘው አዩት።

አስታራቂ ገባ፤ መንገሻ ድንጋይ ተሸክሞ እግራቸው ላይ ወደቀ። አፀደ ግን እዚያው ማለች፤ «ደግመህ የሰው ደም ብታፈስ፣ ማርያምን፣ ትቼህ እሄዳለሁ!»

«ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ ጋሽ ኣብርሃ፣ አፍንጫቸው እንደታሸገ። «ይሄ እጅህ ግን ሥራ አጥቶ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኛ ሰፈር ያለው ሜዳ ድረስ ና፣ እንፋለማለን።»

ፍልሚያው ሞተር ባላቸው ትንንሽ የመጫወቻ አውሮፕላኖች ነው። ሁለት ሰው መሐል ሜዳ ትከሻ ለትከሻ ቆሞ፣ እያንዳንዱ የራሱን አውሮፕላን በቀጫጭን ሽቦዎች ይዞ ዙሪያውን ያስከንፈዋል። ከየአውሮፕላኑ ኋላ የወረቀት ጭራ ይንጠለጠላል፤ የሌላውን ጭራ በፕሮፔለሩ የቆረጠ አሸነፈ። መንገሻ አንዴ ቀመሰውና አበደ! ንዴቱን ሁሉ እዚያ እያራገፈ፣ ሦስት ዓመት ሰው ሳይመታ ቆየ።

አውሮፕላኑን ጋሽ ኣብርሃ ራሳቸው ሠሩለት። ነዳጁ አልኮልና የጉሎ ዘይት ነው። ታንኩ ደግሞ ልጅ ሲያለቅስ አፉ ላይ የሚደረግለት ጎማ ነው፤ ነዳጅ ሲሞላ ያብጥና ሞተሩን በግፊት ይመግባል። ከጎማው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ለስላሳ የሲሊኮን ቱቦ ሲሆን፣ እሱ ላይ በስፕሪንግ የሚሠራ መቆንጠጫ ገጠሙ። «ሽቦው ከተበጠሰ ይሄ ቱቦውን ያንቀዋል፤ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ቱቦው ለስላሳ ካልሆነ ግን አይታነቅም። ሁሉም ተስማምቶ ነው የሚሠራው፤ አንዱንም እንዳትነካብኝ» አሉት።

ነካው እንጂ! አንድ እሑድ ለስላሳው ቱቦ ተቀደደና ተሸነፈ። ንዴቱን ይዞ ሱቅ ሄደ፤ ወፍራም ቢጫ ቱቦ አየ፤ በጣቱ ቢጨምቀው እምቢ አለው። ሻጩ ለቤንዚን ሞተር ነው ቢለውም፣ «ጠንካራ ነው አይደል?» ብሎ ገዛና ለማንም ሳይናገር ቀየረው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

በሚቀጥለው እሑድ አፀደ የባሏን፣ የጋሽ ኣብርሃ ልጅ ስምረት ደግሞ የአባቷን አውሮፕላን ይዘው ለቀቁ። ሞተሮቹ ጮኹ። ጋሽ ኣብርሃ ወዲያው ጭራውን ቀነጠሱበትና ሳቁ፤ «ጭራህን ሸኘሁልህ!» የመንገሻ ደም ፈላ። ወረቀቱን ተወና ራሱን አውሮፕላናቸውን አሳደደ፤ ሊሰባብረው፣ ሊፈጨው ፈለገ። አገኘውም። ክንፍ ተሰነጠቀ፤ የእሳቸው አውሮፕላን ሣሩ ላይ ተፈጠፈጠ። የሱም ሽቦዎች ጧ ብለው ተበጠሱ፤ እጁ ላይ ያለው መያዣ ቀለለው።

ሁሉም ሞተሩ ዝም እስኪል ጠበቀ። ዝም አላለም። እየጮኸ ወደ ላይ ወጣ፣ ተገለበጠ፣ ቁልቁል ወደ መንገሻ ፊት መጣ። እሱ ደርቆ ቀረ። ጋሽ ኣብርሃ በክንዳቸው ገፍተው ጣሉት፤ ፕሮፔለሩ ያንኑ ክንድ ከአንጓው እስከ ክርናቸው ተለተለው። አጥንቱ ነጭ ሆኖ ታየ። «ባባ!» ብላ ስምረት ጮኸች። አፀደ ነጠላዋን ቀድዳ ክንዳቸውን አሰረች፤ ነጠላው ወዲያው ቀላ።

ያ የተረገመ ሞተር መሬት ላይም ሆኖ እየተንፈራገጠ ሣሩን ይቆራርጣል። መንገሻ ረገጠው፤ አልጠፋም። እጁን ሰደደና ቱቦውን መዞ ነቀለው፤ ጣቶቹ ተቃጠሉ። ያኔ ጠፋ። ቢጫው ቱቦ መዳፉ ላይ ቀረ፤ መቆንጠጫው ጭረት እንኳ አላሳረፈበትም። ኪሱ ከተተው። ማንም አላየውም።

ሆስፒታል፣ ክንዳቸው ተሰፍቶ ከተኙ በኋላ፣ «እግዜር ያመጣው ነው» አለች አፀደ። ስምረት ግን አላርፍ አለች። «ጋሽ መንገሻ፣ አይ ዶንት ጌት ኢት፣ አልገባኝም፤ መቆንጠጫው ለምን አልሠራም?»

«የኔ ጥፋት ነው» አሉ ጋሽ ኣብርሃ፣ ግድግዳውን እያዩ። «እኔ ነኝ የሠራሁት። እጄ አርጅቷል። ሰው ልገድል ነበር። ከዛሬ ወዲያ ሞተር አልነካም፤ ያለውን ሁሉ ጣይልኝ ልጄ።»

መንገሻ ኪሱ ውስጥ ቱቦውን ጨበጠ። ዝም ቢል ነገሩ በዚሁ ይቀራል። ቢናገር፣ አፀደ ምላለች፤ ይሄም ደም ነው። እሷን አያት፤ እንደዚያ ቀን ፈርቶ አያውቅም። ከዚያ ቱቦውን አውጥቶ አልጋው ላይ አኖረው።

«መቆንጠጫዎ ደህና ነበር ጋሼ። ቱቦውን ቀይሬው ነው። እንዳትነካ ብለውኝ ነበር።»

ጋሽ ኣብርሃ ቱቦውን በደህናው እጃቸው አንስተው ጨመቁት። እምቢ አላቸው። አስቀመጡትና፣ በዚያው እጅ መንገሻን በጥፊ አጮሉት! ደገሙት። ከንፈሩ ተሰነጠቀ፤ ደሙ ሸሚዙ ላይ ተንጠባጠበ። በዕድሜው አንድ ጥፊ ሳይመልስ ውሎ የማያውቅ ሰው፣ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ፊቱን አስጠጋላቸው።

ሦስተኛው አልመጣም።

«ለስላሳውን ገዝተህ ና» አሉት እያለከለኩ። «አንተ ትገጥማለህ፣ እኔ አይሃለሁ።»

መንገሻ ወደ በሩ ዞረ። አፀደ የመኪናውን ቁልፍ ጨብጣ ቆማለች። ከንፈሩን አየችው፤ አሁንም ከኋላው እንደተጣመሩ ያሉትን እጆቹን አየቻቸው።

«ሱቁ ሳይዘጋ እንሂድ» አለችው።