ሳያዩ ያዞሩት ተረከዝ

እትዬ ዣንዲራ ብራዚል ውስጥ፣ ሳልቫዶር ወደብ ላይ ዓሣ ይሸጣሉ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ካፖይራ፣ በክብ መሃል በጭብጨባ የምንጫወተውን የእግር ፍልሚያ፣ ያስተምሩናል። «እጅህን መሬት አስደግፍ፤ በእግሮችህ መሃል ባላጋራህን እያየህ ተረከዝህን እንደ ማጭድ አዙር፤ ፊቱ ጋ ስትደርስ አቁም» ይላሉ። ዓይኑን ከባላጋራው ላይ የነቀለ ከጨዋታው ክብ ይባረራል። «ሳያይ የሚዞር የወፍጮ በሬ ነው።» እኔን ሁለቴ አባረውኛል፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ምክንያቱን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። እትዬ በሃያ ዓመታቸው ከጓደኛቸው ከጋሽ ኤቪላዚዮ ጋር ሲጫወቱ፣ ጭብጨባው ሲደምቅ ወደ ተመልካቹ ቀና አሉ፤ ሳያዩ ያዞሩት ተረከዝ የሰውየውን ግራ ዓይን አጠፋ። ከዚያ በኋላ ዓሥራ አንድ ዓመት ክቡ ውስጥ አልገቡም። እጃቸውን ይዘው የመለሷቸው ራሳቸው ጋሽ ኤቪላዚዮ ናቸው።

ባለፈው እሑድ ሁለቱ አዛውንቶች ገጠሙ። የእትዬ ተረከዝ በጋሽ ኤቪላዚዮ የጠፋ ዓይን በኩል እየተምዘገዘገ መጥቶ ቅንድባቸው ጋ ቀጥ አለ። ጋሽ ኤቪላዚዮ ንቅንቅ አላሉም። ምት ሲመጣ አለመጎንበስ ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ጎንበስ በል እንጂ» አሉ እትዬ። «ያውም በማታይበት በኩል።»

«በዚህ በኩልማ» አሉ ጋሽ ኤቪላዚዮ፣ «የምታዪልኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ።»