መሪጌታ ገብረ አማኑኤል ማጫወቻ ሲመርጡ

ፅዮን መጀመሪያ ያስተዋለችው ጥፍራቸውን ነው። መሪጌታ ገብረ አማኑኤል ዲስኩን ከቆዳ ማኅደር ሲያወጡት በሁለት ጥፍራቸው ብቻ፣ ጠርዝ ጠርዙን ነበር የያዙት፤ ፊቱን ሳይነኩ፣ ትንፋሻቸውን እንኳ ወደ ጎን እየመለሱ። ማኅደሩ የተሰፋው ለዳዊት ነው። ዛሬ ግን ዳዊቱ ቤት ቀርቷል። በቦታው ያ ክብ፣ ውኃ ላይ እንደ ወደቀ ዘይት የሚያብረቀርቅ ነገር በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ፣ በደረታቸው ተንጠልጥሎ የዘመሮን ገበያ አቋርጦ መጥቷል።

«ምነው መሪጌታ፣ እንደ ሙሽራ ሸፋፈኑት እኮ» አለች ፅዮን ከኤሌክትሮኒክስ ሱቋ ባንኮኒ ጀርባ።

«ሙሽራ አይደለም ልጄ፤ ምስክር ነው» አሉ።

ምስክር የተፈለገበትን ነገር ዘመሮ በሙሉ ያውቀዋል። በታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት፣ ሌሊቱን ሙሉ የተቆመው ማኅሌት ወደ ማለቂያው ሲደርስ፣ የጧት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወረቡ በደመቀበት ሰዓት፣ የመሪጌታ ገብረ አማኑኤል መቋሚያ ከእጃቸው አምልጦ ወለሉ ላይ «ቋ!» አለ። በዚያ ቀን ከአዲስ አበባ ሳይቀር ተሳላሚ መጥቶ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ጎንበስ ብሎ አንሥቶ ይቀጥላል፤ ነገሩም በዚያው ይረሳል። መሪጌታ ግን የአቋቋም መምህር ናቸው። ተማሪ ጣቱን ቀድሞ ቢያነሣ የሚቆጡ፣ ጸናጽል በአንዲት ትንፋሽ ቢዘገይ ሌሊት እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው። በዚያች «ቋ» የዕድሜ ልክ ስማቸው ወለሉ ላይ የወደቀ መሰላቸው።

ከጎናቸው ቆመው የነበሩት መሪጌታ መልከ ጼዴቅ ናቸው። «በክርኑ ጎሰመኝ» አሉ ገብረ አማኑኤል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ቃላቸውን አልለወጡም። ጎረቤታቸው ይመኙሻል በስልኳ የቀረፀችውንም ለመጣው ለሄደው ሁሉ ያሳያሉ። በስልኩ ውስጥ አንድ ነጭ ነገር አለ፤ ከጎኑ ሌላ ነጭ ነገር አለ፤ ከአንዱ ነጭ ወደ ሌላው ነጭ ክርን የሚመስል ነገር ይሄዳል፤ ወዲያው «ቋ» ይሰማል።

«ይኸው! አያችሁት?»

«የትኛው ነው እርስዎ?» ይላቸዋል ተመልካቹ፤ እሳቸውም ይናደዳሉ።

መልከ ጼዴቅ አንድም ቃል አልመለሱም። «ዝም ያለው ስላመነ ነው» አሉ ገብረ አማኑኤል። በልጅነታቸው ራቤል አጠገብ ከአንድ መምህር ሥር የተማሩ፣ አንዲት የበግ ጠጉር ባና ለሁለት ለብሰው የዚያን አገር ብርድ ያሳለፉ ሰዎች፣ አንዱ በእንቅልፍ ልቡ ባናዋን ሲጎትት ሌላው በውርጭ የሚነቃ፣ እነዚያ ሰዎች ይኸው ከገና በፊት ጀምሮ ሰላም አይባባሉም።

ዲስኩ የመጣው በዚህ መካከል ነው። የዘመሮ ተወላጅ የሆነው ቪዲዮ አንሺ አፈወርቅ የዚያን ዕለት ከተሳላሚዎቹ ጋር ትልቅ ካሜራ ይዞ መጥቶ ነበርና፣ ለደብሩ መታሰቢያ ብሎ በዓሉን ብሉ ሬይ በሚባል ጥራት ያለው ዲስክ አድርጎ ላከ። የሰበካው ሰዎችም ከገብረ አማኑኤል ቴሌቪዥን የሚበልጥ ያለው ሰው ስላላገኙ ለእሳቸው ሰጧቸው።

ቴሌቪዥኑን ከደብረ ብርሃን የላከችላቸው ልጃቸው ማርያማዊት ናት። ሆም ቴአትር የሚባለውንም ባለብዙ ድምፅ ማጉያ ዕቃ ጨምራላቸዋለች። ፅዮን ልትገጥም የሄደች ዕለት ማጉያዎቹን በክፍሉ አራት ማዕዘን ልታስቀምጥ ስትል መሪጌታ ከለከሏት።

«የለም፣ የለም። ማኅሌት ሥርዓት አለው» አሉና ሁለቱን በቀኝ፣ ሁለቱን በግራ ፊት ለፊት አቆሟቸው። የቀኙን መሪ ቀኝ ጌታ፣ የግራውን ግራ ጌታ ብለው ሾሙ። እንደ ነጎድጓድ የሚያጉረመርመውን ትልቁን ሳጥን «ይሄማ ከበሮው ነው» ብለው መሐል ላይ አደረጉት።

«ታዲያ ተመልካቹ የት ሊቀመጥ ነው?» አለች ፅዮን።

«በማኅሌት ማን ይቀመጣል?»

ፅዮን ሳቋን አፍና አንድ የመዝሙር ካሴት ተገልብጦበት የነበረ ፍላሽ ከፈተችላቸው። በሁለቱ ረድፍ መካከል ስትቆም ግን ሳቋ ጠፋ። ቀኙ ይላል፣ ግራው ይቀበላል፤ ድምፁ ትከሻዋን እያለፈ ይሄዳል፣ ይመጣል። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ይህንኑ የኤሌክትሪክ ነገር ነው፤ ማጉያዎች እንዲህ ሊቆሙ ይችላሉ ብሎ ያስተማራት ግን የለም። ሳታውቀው እግሯ መሬቱን መታ መታ አደረገ። መሪጌታ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ችግሩ፣ የቤታቸው አሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻ የአፈወርቅን ዲስክ አልቀበልም ብሎ መትፋቱ ነው። ለፊታችን እሑድ ደግሞ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠርተዋል። መልከ ጼዴቅንም በሰው አስጠርተዋል። ዲስኩ በሁሉም ፊት ይታይና ጥፋተኛው ይለያል። ለዚህ ነው ፅዮንን «በደንብ የሚያሳይ ማጫወቻ አስመጪልኝ» ያሏት፤ ገንዘቡንም ማርያማዊት ቀድማ በስልክ ልካለች።

ፅዮን ሦስት ማጫወቻ ባንኮኒው ላይ ደረደረች። አንዱ የተለመደው ዲቪዲ ነው፤ ዲስኩን እንደማያነበው ብታውቅም ልዩነቱን እንዲያዩ አወጣችው። ሁለተኛው አዲስ ብሉ ሬይ ነው፤ እንደ ቂጣ ስስ። ሦስተኛው ያገለገለ ብሉ ሬይ ነው፤ ጥቁር፣ ጎምላላ፣ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የአውቶቡሱ ረዳት በክብደቱ የረገመው።

መሪጌታ ፈረስ ያውቃሉ። በዚያ አካባቢ ፈረስ ሊገዛ የወጣ ሰው ሳያማክራቸው አይመለስም። ወደ ማጫወቻዎቹም የቀረቡት በዚያው ሥርዓት ነው። ከፊት አልመጡም፤ በጎን ዞሩ። ጀርባቸውን ደባበሱ። ከኋላ ያሉትን የገመድ ቀዳዳዎች ጎንበስ ብለው አዩ።

«አፉን ክፈቺው።»

ፅዮን የስሱን ቁልፍ ነካች። የዲስኩ ማስቀመጫ ወጣ። መሪጌታ አንገታቸውን አስግገው ውስጡን ተመለከቱ።

«ጥርስ የለውም።»

«የሚያነበው በብርሃን ነው መሪጌታ። ትንሽ ብርሃን ዲስኩ ላይ ያበራና ያነበዋል።»

ቀና አሉ። «በብርሃን?» ውስጡን ደግመው አዩና፣ «እኛም ጭራሮ አንድደን እንደዚያው ነበር የምናነበው» አሉ፤ ለማሽኑ ከዚያ በኋላ ትንሽ አክብሮት የጨመሩለት መሰላት።

ከዚያ ትልቁን በሁለት እጃቸው አነሡት። «ይሄ ቁም ነገር አለው።»

«ስለከበደ ነው?»

«ባዶ ራስ ቀላል ነዋ።»

«በክብደት ከሆነማ ደጅ ያለውን የወፍጮ ድንጋይ ልሽጥልዎ።»

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽ እንዲህ ምላሰኛ አልነበረም!» አሉ እየሳቁ። «በይ አሁን የዲቪዲውንና የብሉ ሬዩን ልዩነት ንገሪኝ። በእንግሊዝኛ እንዳታደርጊው ብቻ።»

ፅዮን አሰበች። «በወፍራም ብዕርና በቀጭን ብዕር እንደ መጻፍ ነው። ብራናው ያው ነው፤ በቀጭኑ ግን ብዙ ይጻፍበታል። በወፍራም ብዕር ሰው መሣል ይቻላል፤ ሽፋሽፍቱን መሣል ግን አይቻልም።»

«እኔ ሽፋሽፍት ምን ያደርግልኛል? የምፈልገው ክርን ነው።»

ሙከራው በዲቪዲው ተጀመረ። ማጫወቻው ዲስኩን ዋጠ፣ አጉረመረመ፣ መልሶ አወጣው። የሱቁ ቴሌቪዥን ላይ ጽሑፍ መጣ።

«ምን ይላል?»

«አላውቀውም ይላል።»

«እንደ መልከ ጼዴቅ ማለት ነው። እሱም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እንዲሁ ነው።»

«እርስዎስ ሲያገኙት?»

«እኔማ ቀድሜ ፊቴን ስለማዞር አላየውም።»

ስሱ ብሉ ሬይ ግን ዲስኩን እንደ ጎረሰ የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ሱቁ ውስጥ በራ። ፅዮን አፏን ከፍታ ቀረች። የጥምጥሞቹ ክር አንድ በአንድ ይታያል። የከበሮው ጠፍር ሲጠብቅና ሲላላ ይታያል። በመስኮቱ በገባው ፀሐይ ውስጥ የሚንሳፈፈው ትቢያ እንኳ፣ ያም ይታያል፤ ወረቡን የሚከተል ይመስል ከፍ ዝቅ ይላል። ከልጅነቷ ጀምሮ ከሴቶች በኩል ቆማ የሰዎች ጀርባ የሸፈነባትን ነገር ዛሬ ባንኮኒ ተደግፋ አየችው።

«በስመ አብ!» አሉ መሪጌታ። «ያ እሱባለው አይደል? ጥርሱ ወልቋል ለካ! ለዚህ ነው አፉን በነጠላ ሸፍኖ የሚዘምረው!»

ከዚያ እሳቸውና መልከ ጼዴቅ ጎን ለጎን ቆመው ታዩ። መሪጌታ ጣታቸውን ቀሰሩ። «አሁን፣ አሁን ተመልከቺ ክርኑን!»

ፅዮን ተመለከተች። ያየችው ግን ክርን አልነበረም። የመሪጌታ ገብረ አማኑኤል ዓይን ተጨፍኖ ነበር። ለጸሎት እንደሚጨፈን ዓይን አይደለም። ሽፋሽፍታቸው ጉንጫቸው ላይ ተኝቷል፣ ከንፈራቸው በትንሹ ተከፍቷል፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ ሊያርፍ ነው። የመቋሚያው ራስ ከመዳፋቸው ቀስ እያለ ተንሸራተተ። እሳቸውም እንደ በሰለ ዛላ ወደ ከበሮው መዘንበል ጀመሩ። ክርኑ የመጣው ያኔ ነው። መልከ ጼዴቅ ጸናጽላቸውን ሳያቋርጡ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ክርናቸውን አስገብተው የገብረ አማኑኤልን ደረት ደገፉ። «ቋ» ሲል ጎንበስ ብለው መቋሚያውን አነሡና በገብረ አማኑኤል እጅ ውስጥ አደረጉት። ቀና ሲሉም ጥፋቱ የእሳቸው እንደሆነ ሁሉ ምእመኑን በአፈረ ፊት አዩት።

ውጭ ነፋሱ የቆርቆሮውን ጠርዝ ያንኳኳል።

«መልሺው» አሉ መሪጌታ።

መለሰችው። ያው ነው፤ መጀመሪያ እንቅልፉ፣ ቀጥሎ መቋሚያው፣ ከዚያ ክርኑ።

«ይሄ ማሽን ገና ልጅ ነው» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ልጅ ይቀላምዳል። ሽማግሌውን አምጪው።»

ፅዮን ሳቋን ውጣ ዲስኩን ወደ ትልቁ አዛወረችው። ሽማግሌው ማጫወቻ እያቃሰተ ተነሣ፣ ጊዜ ወሰደ፤ በመጨረሻም ያንኑ መሰከረ። እንዲያውም መሪጌታ ያንኮራፉ የመሰለ ድምፅ ሰማች፤ ግን የማሽኑ ይሆናል ብላ አለፈችው።

መሪጌታ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ጥምጥማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት፤ ያለ ጥምጥም ሲታዩ አጭር ሰው ናቸው።

«እሑድ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ» አሉ።

«ያውም ቆመው ነው የሚያዩት» አለች ፅዮን።

«እስቲ አትቀልጂ!» ካሉ በኋላ ዓይናቸው ወደ ባንኮኒው ጫፍ ሄደ፤ ወደ ዲቪዲው። «ያኛው... አላውቀውም የሚለው... ጤነኛ ነው አይደል?»

«ጤነኛ ነው። እሑድ ይዘጋጃሉ፣ ይከፍቱታል፣ አላውቀውም ይላል። ሽማግሌዎቹም ጠላቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ» አለች፤ እያሾፈች ነበር። ግን የእሳቸውን ፊት ስታይ ነገሩ ቀልድ አለመሆኑ ገባት። መሪጌታ ዲቪዲውን አንሥተው ጭናቸው ላይ አድርገዋል። እጃቸው ክዳኑን ይደባብሳል። ይህን ዕቃ ይዘው ቢሄዱ፣ አዲሱም እምቢ አለ ይባልና ስማቸው በዘመሮ እንደ ቆመ ይቀራል፤ መልከ ጼዴቅም ያው ዝም እንዳሉ ይኖራሉ።

«ነግሮኝ ቢሆን ምን ነበረበት?» አሉ በመጨረሻ፣ ለፅዮን ሳይሆን ለዲቪዲው። «‹ተኝተህ ነበር› ቢለኝ። አንድ ቀን እንኳ።»

«ቢነግርዎ ያምኑት ነበር?»

መሪጌታ ቀና ብለው አዩዋት። «ዋሸ ብዬ ሁለተኛ እጣላው ነበር» አሉ፤ መጀመሪያ ከንፈራቸው፣ ቀጥሎ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቁ። ፅዮንም ሳቀች።

ዲቪዲውን ባንኮኒው ላይ መለሱት። «በእንቅልፍ እኮ ከራቤል ጀምሮ የታወቅሁ ነኝ። ባናዋን የምጎትተው እኔ ነበርኩ፤ በውርጩ የሚነቃው እሱ።» ተነሥተው ጥምጥማቸውን ጠመጠሙ። «በይ ሽማግሌውን አሥሪልኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከልጅ አፍ አይሰማም።»

ፅዮን ትልቁን ማጫወቻ በሳጥኑ አድርጋ አሠረችላቸው። መሪጌታ ከትከሻቸው ላይ ባናቸውን አውርደው ሳጥኑን ሊጠቀልሉ ጀመሩ።

«ሲሠራ ግን እንዳይሸፍኑት አደራ! አየር ካላገኘ ይቃጠላል።»

«በዚህ ብርድ?»

«በዚህ ብርድም!»

እየተገረሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዲስኩን በሁለት ጥፍራቸው ይዘው ወደ ማኅደሩ መለሱ፣ ሳጥኑን ተሸከሙ፣ መቋሚያቸውን ጨበጡና ወጡ።

ከሱቁ ዝቅ ብሎ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቀኙ ወደ እሳቸው ቤት ይወስዳል፤ ግራው ደግሞ ሽቅብ ወደ መልከ ጼዴቅ ግቢ። ከገብርኤል ወዲህ መሪጌታ ግራውን ረግጠውት አያውቁም። መገንጠያው ላይ ቆሙ። ሳጥኑን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ።

ፅዮን ዞር ስትል የማጫወቻው ሪሞት ባንኮኒው ላይ ቀርቷል። አንሥታ እስከ ደጃፍ ሮጠች።

«መሪጌታ! ሪሞቱን ረሱት! መሪጌታ!»

መሪጌታ ገብረ አማኑኤል አልዞሩም። ግራውን ይዘው ሽቅብ ጀምረዋል። መቋሚያቸውን ብቻ ከፍ አደረጉላት።

«መልከ ጼዴቅ መጥቶ ይወስደዋል!» አሉና፣ ሳጥኑ እያዘነበላቸው፣ በነፋሱ ውስጥ ወጡ።