የማይረገጥ መሬት ላይ የበቀለ ዱባ

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ቤታችን ዱባ ገብቶ አያውቅም። ድብ ባሕር፣ ተወልዶ ባደገበት ቤት፣ በአንድ ክፉ ዓመት ከዱባ በቀር የሚበላ ጠፍቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሽታው ይከብደዋል። ገበያ አብረን ስንወጣ ዱባ የደረደረች ሴት ካየ ክንዴን ይዞ መንገድ ያሻግረኛል። ከሞተ በኋላ ከቤቱ ጀርባ ዱባ በቅሎ ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም። አፈርኩ፤ እሱ ዞር ሲል የማይወደውን ሰው ቤት ያስገባሁ ያህል።

የሞተው እቤቱ ነው፣ የሐዋርያት ጾም እንደገባ። አጥበው የገነዙት ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «አያ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ሬሳ የታጠበበት ውሃ ሰው በማይረግጠው ቦታ ይፈሳል። አያ ሳፋውን ይዘው በጓዳው በር ወጡ፤ የድንጋይ ካቡ ከሚታጠፍበት ጥግ ሲደርሱ ጎንበስ አሉና፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ ቀስ አድርገው ደፉት። በጓዳው መስኮት አይቻቸዋለሁ። ከሁለታችን በቀር ያየ የለም። ለቅሶው ሲበተን ሄጄ ቦታውን በድንጋይ ከበብኩት።

ፍሬው ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። ጾም ስለነበር ለቅሶ ቤት የመጣው ወጥ ሽሮና ምስር ነበር፤ ዱባም ነበረበት፤ ድስቱ የታጠበው እዚያው ጀርባ ነው። ሰው ሳይተክለው እንዲህ በራሱ የበቀለውን ወፍ ዘራሽ እንለዋለን። ወፍ ዘራሽ ነው አልኩ። ጀርባው ግን ሰፊ ነው፤ ዱባው የበቀለው ከከበብኳቸው ድንጋዮች መሃል ነው፤ ሌላ የትም አልበቀለም።

ክረምቱ ገባ። በዚያው ክረምት ወደ ጎንደር የሚያስገባው መንገድ በጦርነት ተዘጋ።

መንገድ ሲዘጋ ከተማ እንዴት ዝም እንደሚል ያልኖረበት አያውቀውም። ከሰፈራችን ከማራኪ ወደ መሃል ከተማ የሚመላለሱት ሚኒባሶች ቆሙ፤ የረዳቶቹ ጩኸት ጠፋ፤ ወፍጮ ቤቱም የሚፈጭ እህል አጥቶ ተዘጋ። እኩለ ቀን ላይ የገዛ ቤቴ በር ሲጢጥ ሲል እደነግጥ ነበር። በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚሰማኝ የዱባው ቅጠል ብቻ ነው። ቅጠሉ ሻካራ ነው፤ እርስ በርሱ ሲተሻሽ፣ ያልተላጨ አገጩን በመዳፉ የሚያሻሽ ሰው ድምፅ አለው። ነፋስ በሌለበት ቀንም እሰማው ነበር።

የሰፈሩ ሴቶች እህል ሲወደድ ገና ዱሮ ነበር የተደራጁት። እድሩ ድንኳንና ድስት የሚያስቀምጥበት መጋዘን አለው፤ ከመጋዘኑ ኋላ ያለውን ባዶ መሬት ቆፍረው ጎመንና ቆስጣ ተከሉበት። መሬት የሌለው በጆንያ፣ በተቆረጠ ጀሪካን፣ በአሮጌ ጎማ ተከለ። ደንቡ አንድ ነው፤ ከየግቢው የደረሰው ሁሉ ቅዳሜ ጧት መጋዘኑ ደጅ ይቀርብና ለየቤቱ ይካፈላል። የምታካፍለው በሰፈሩ የምትከበር የጨርቅ ነጋዴ ናት፤ እናቷም አያቷም እዚሁ ጎንደር ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሙስሊም ሴት። እኔ ከል የለበስኩ ሐዘንተኛ ስለሆንኩ ማንም ከእኔ ምንም አልጠበቀም። ድርሻዬን ግን አንድም ቅዳሜ ሳያስቀሩ ይልኩልኝ ነበር።

ዱባው ወደ ፀሐይ መሄድ ሲገባው ወደ ቤቱ ሄደ። ጥላ ወዳለበት፣ ባለቤቴ ወደሞተበት መኝታ ቤት መስኮት። ከሞተ ወዲህ የምተኛው ሳሎን ስለነበር ያንን ክፍል ብዙም አልከፍተውም። አንድ ቀን ጧት ላናፍሰው ገባሁ። በመስኮቱ ስንጥቅ የገባ፣ እንደ ክር የቀጠነ ቀንበጥ፣ የአልጋውን ብረት ጠምጥሞ ይዞት አገኘሁ። ብርሃን ስላላገኘ ነጭ ነበር፤ በሽተኛ ጣት ይመስላል። መቀስ አመጣሁ። መቀሱን እንደያዝኩ ቆምኩ፤ ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት። መዝጊያው እንዳይቆርጠው ብዬ መስኮቱን ገርበብ አድርጌ መተው ጀመርኩ።

ሌላው ሐረግ ካቡን ወጣና ጫፉ ላይ አንድ ትልቅ ፍሬ ያዘ። ከመንገዱ ሲያዩት ከካቡ ኋላ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የሚያይ ሰው ራስ ይመስላል። አንድ አመሻሽ ላይ መንገደኛ «እንደምን አመሹ ጌታዬ» ሲል ሰማሁ። መልስ ጠበቀ። ቆየና «ምነው! ሰላምታም ተወደደ?» ብሎ እያጉረመረመ አለፈ። ጓዳ ሆኜ ልመልስለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ስለ ማን ሆኜ እንደምመልስ ግን አላወቅኩም።

ከታችም መሬት ላይ ሌሎች ፍሬዎች ነበሩ። ስንት እንደሆኑ አልቆጠርኩም። ዱባ ከሐረጉ ሳይለቀቅ አይቆጠርም፣ በጣትም አይጠቆምም፤ ይበሰብሳል ይባላል።

ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል አከራያለሁ። ተከራዬ የጭልጋ ልጅ ናት፤ ገና መዳህ የጀመረ ሕፃን አላት። ባሏ የጭነት ማኪና ሹፌር ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ አዲ አርቃይ ላይ ቀረ፤ ስልክም አይገባም። መስከረም ሲጠባ ጡቷ መድረቅ ጀመረ። ከሚላክልኝ ጎመን አካፍላት ነበር። ጎመን ብቻውን ግን ለሕፃን ምን ይሆናል?

«እትዬ፣ ያ ዱባ እኮ ደርሷል» አለችኝ አንድ ቀን ልብስ እያሰጣች።

«አልደረሰም» አልኳት።

«ምነው እትዬ! የተንጠለጠለበት ግንድ ደርቋል። ቆዳውም ጥፍር አያስገባም።»

«ጥፍርሽን ሰክተሽ ሞከርሽው?» ድምፄ ከፍ ብሎ ራሴንም አስደነገጠኝ።

«ኧረ አልነካሁትም፤ በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«በዓይንሽም ተዪው!»

ልብሷን ማስጣት ቀጠለች። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ሆኖ የነጠላዋን ጫፍ ይጠባ ነበር።

ምን ብዬ ልንገራት? ሥሩ የጠጣው የባሌን ገላ ያጠበውን ውሃ ነው ልበላት? ነግሬያት ከበላች፣ ስትበላ ማየቱን አልችለውም። ነግሬያት ካልበላች ልጇ ይራባል። ሳልነግራት ላብላትስ? ቀኑን ሙሉ እነዚህን ሦስቱን ሳገላብጥ ውዬ፣ ማታ ያገኘሁት መልስ ያው «አልደረሰም» የሚለው ነበር።

ቅዳሜ የጨርቅ ነጋዴዋ ከሌሎች ሴቶች ጋር መጣች። ደጅ ላይ ቆማ፣ አንገቷን ቀለስ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ከሐዘን ቤት አይጠየቅም። ግን ይሄ የካቡ ዱባ ሰፈሩን ሁሉ እያየ ነው» አለች።

«እኛ ነን እንጂ የምናየው!» አለች ከኋላዋ የቆመች፣ ምላሷ የማያርፍ ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን። «ያ ነው አይደል?» ብላ በጣቷ ጠቆመችው።

«ኧረ በስማም! በጣቷ ጠቆመችው! ጣትሽን እጠፊው፣ እጠፊው!» አለች ሌላዋ።

«ጣቴ አሁን ምን አቅም አለው? ከራብ ብዛት መርፌ መያዝ አቅቶታል፤ ዱባ ይገድላል?»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ገና አልደረሰም አልኩ። «እሺ፣ ለመጪው ቅዳሜ» አለች ነጋዴዋ። ይህን ስትል የምታየው ዱባውን ሳይሆን የእኔን ፊት ነበር።

በዚያው ሳምንት መሬት ላይ ከነበሩት ፍሬዎች አንዱ ተበላሸ። ከላይ ሲያዩት ደህና ነበር። ላገላብጠው ስል ጣቶቼ ሰመጡበት፤ ሽታውም ተነሳ። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። ባለቤቴ በመጨረሻ የተኛበት ክፍል ውስጥ የነበረ፣ ከጣፋጭ ጋር የተቀላቀለ ክፉ ሽታ ነው። እጄን ሳልታጠብ እዚያው ተቀመጥኩ። ጠብቄ ያቆየሁት ይመስለኝ ነበር። ያደረግኩት ግን ባለቤቴ ለሁለተኛ ጊዜ እስኪበሰብስ ቁጭ ብሎ ማየት ነው።

አያ ቤት ሄጄ ይዣቸው መጣሁ። የደረደርኳቸውን ድንጋዮች ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እዚሁ ነው?»

«እዚሁ ነው፣ አያ።»

ሐረጉን በዓይናቸው እስከ መስኮቱ፣ ከዚያም እስከ ካቡ ተከተሉት። «ሸጋ ዱባ ነው» አሉ ቆይተው።

«አያ!»

«ምን ልበልሽ ልጄ? በዚህ እጄ ያጠብኩት ስንት ነው! የደፋሁት ውሃ ሁሉ ዱባ ቢያበቅል ጎንደር ዱባ ለብሳ ግንቡም ባልታየ።»

ሳላስበው ሳቅኩ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ድምፁ ከሌላ ሰው የወጣ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ።

«ይበላል ወይ?» አልኳቸው።

በከዘራቸው ጫፍ አንድ ቅጠል ገልጠው ፍሬውን አዩት፤ መልሰውም አለበሱት። «እሱን እኔ አላውቅም። ሳትነግሪ ሰው ካበላሽ ግን ዕድሜሽን ሙሉ የሰው አፍ አፍ ስታዪ ትኖሪያለሽ።»

«ብነግራቸውና ባይበሉስ?»

«ያኔ እኔና አንቺ እንቀብረዋለን። አንዴ ቀብረነው የለም? አያቅተንም።»

ቅዳሜ ጧት ከተከራዬ ጋር ፍሬዎቹን ቆረጥን። ከተቆረጠው ሐረግ ውሃ ጠብ ጠብ ይል ጀመር፤ እሷ በእጅ ጋሪ እየጫነች እኔ ውሃውን ሳይ ቆየሁ። መጋዘኑ ደጅ ስንደርስ ሴቶቹ እልል አሉ። ነጋዴዋ ትልቁን፣ የካቡን ዱባ፣ አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ቢላዋ አነሳች።

«ቆይ» አልኩ። «ይሄ ዱባ የበቀለው ባለቤቴ የታጠበበት ውሃ ከፈሰሰበት ነው። ልነግራችሁ ይገባል።»

ነጋዴዋ ቢላዋውን እንዳነሳች ቀረች። ልብስ ሰፊዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለችና ያቺን ጣቷን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ተከራዬ ታየኝ ነበር። እነዚያ ሁሉ «አልደረሰም» ያልኳት ቀናት በፊቷ ሲያልፉ አየሁ። ከዚያ ሕፃኑን ከጀርባዋ ወደ ጎኗ አዞረችና ወደ አግዳሚው ቀረበች።

«ነፍስ ይማር» አለች፣ እጇን ዘርግታ።

የተዝካር እንጀራ የሚቆርስ ሰው የሚለው ነው። በአርባው ቀን እህል ስላልነበረ ተዝካሩን ቄስ ጠርቼ በጸሎት ብቻ ነበር ያሳለፍኩት። ስለ እሱ ብሎ የበላ ሰው አልነበረም።

«አላህ ይዘንለት» አለች ነጋዴዋ፤ ቢላዋውንም ሰካችው።

ውስጡ እንደማንኛውም ዱባ ነበር፣ ቢጫ፣ ፍሬውም ነጭ። ሌላ ምን ጠብቄ እንደነበር አላውቅም። አንድ በአንድ እየቀረቡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያንኑ ቃል እያሉ ወሰዱ። ልብስ ሰፊዋ ብቻ ድርሻዋን አግዳሚው ላይ ተወችው። «እኔ ይቅርብኝ፤ እትዬ፣ እንዳትቀየሚኝ» ብላ ሄደች። የተወችውንም ሌሎች ተካፈሉት። ለእኔ ነጋዴዋ አንዱን ትንሽ ፍሬ ሳትቆርጥ እንዳለ ሰጠችኝ፤ ሆን ብላ ይመስለኛል።

እኩለ ቀን ላይ በዚያ ዝም ባለ ሰፈር ከየቤቱ የዱባ ሽታ ተነሳ። መንገዱን ስወርድ በየበሩ ያው ሽታ ተቀበለኝ። በሁሉም ቤት ያለ፣ የትኛውንም በር ባንኳኳ ግን የማላገኘው ሰው ያለ ይመስል ነበር። ግቢ ስገባ ተከራዬ ዱባውን ቀቅላ አድቅቃ ልጇን በጣቷ እያጎረሰችው ነው። ሕፃኑ በላ፣ በላና ተኛ። እንዲያ ሳያለቅስ ተኝቶ ስለማያውቅ በሯ ላይ ቆሜ ትንፋሹን አዳመጥኩ። ሄጄም ተመልሼ አዳመጥኩ።

የእኔ ድርሻ ጓዳ መደርደሪያ ላይ አደረ። ጧት ሳየው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረ መሰለኝ። ልቆርጠው ቢላዋ አነሳሁ፤ አልቻልኩም።

ከቅዳሴ መልስ በሩ ተንኳኳ። ልብስ ሰፊዋ ናት። እንደ ልማዷ ቀልድ ይዛ አልመጣችም፤ የምታየውም መሬት መሬት ነበር።

«እትዬ፣ ትናንት የተውኩት... የተረፈ ይኖር ይሆን? ልጆቹ ከጎረቤት ሸቷቸው ሲያለቅሱብኝ አደሩ።»

ወደ ጓዳ ተመለስኩ፤ ዱባውን ከመደርደሪያው አውርጄ ቢላዋውን ሰካሁት። ጠንካራ ነበር፤ በሁለት እጄ ተጭኜ ከፈልኩት። ግማሹን ስሰጣት በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። «ነፍስ ይማር» ስትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅዋ አልተሰማም።

በሩን ዘግቼ ገባሁ። ሌላው ግማሽ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። የተከፈተ ዱባ አያቆይም። ድስት ጣድኩ።