በእሱና በእኔ መካከል

ጎባ ውስጥ ያደግሁበት ቤት አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው፤ ሲመሽ በእሳቱና በበሩ መካከል አይቆምም። እንጨት ልጨምር፣ ውሃ ላቀብል ብሎ ነገር የለም፤ ሁሉም ግድግዳውን ታክኮ ይዞራል። አባቴ ይህን ሕግ ከጾም በላይ ያስከብሩት ነበር። አንድ ምሽት የነፍስ አባታችን ሳያውቁ እዚያው ቦታ ላይ ቆመው ጸሎት ሲጀምሩ፣ አባቴ በካባቸው ጎትተው ጥግ አስቀመጧቸው። ቄሱ ደንግጠው ጸሎቱ ጠፋባቸው፤ እኛ ልጆች ሳቃችንን ለማፈን ነጠላ ነከስን። አባቴ ግን አልሳቁም። ሄደው በሩን ዘጉት።

ምክንያቱን የነገረችኝ እናቴ ናት። አያቴ ከመንዝ ከዘመቻው ጋር መጥተው፣ አገሩ ሲያዝ መሬት ተሰጥቷቸው የቀሩ ወታደር ነበሩ። በዚያ በመጀመሪያው ጊዜ ጎባ ከተማ ትባል እንጂ በአጥር የታጠረች የጦር ሰፈር ነበረች። ሰፋሪው ቀን ያርሳል፣ ያሳርሳል፤ ሲመሽ በሩን ዘግቶ ጆሮውን ያቆማል። አንድ ምሽት አያቴ በሩ ሳይዘጋ እሳቱን ሊቆሰቁሱ ተነሡ። ውጭ ጨለማ ውስጥ ላለ ሰው፣ በእሳትና በበር መካከል የቆመ ሰው ጥርት ብሎ ይታያል። የተወረወረ ጦር ጀርባቸውን አገኘው። አባቴ ያን ጊዜ ሕፃን ነበሩ፤ ከእሳቱ ማዶ ተቀምጠው የአባታቸውን ፊት ያዩ ነበር። የወረወረው ከአገሬው ሰው ማን እንደሆነ አልታወቀም።

አባቴ ስለዚህ ነገር ሲናገሩ የሰማኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «መሬቱ የነሱ ነበር» አሉ፣ ወደ ደጅ እያዩ። እኔ ያንን ጦር አላየሁትም፤ ፍርሃቱ ግን ከእናት ጡት ጋር ገባኝ መሰለኝ። ጀርባዬን ለክፍት በር ከሰጠሁ በትከሻዎቼ መሃል ብርድ ይሰማኛል። ዛሬም በዚህ ዕድሜዬ ይሰማኛል።

ጣሊያን ወጥቶ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት እኔም ተመዘገብሁ፤ ከዓመታት በኋላም የመጨረሻው ክፍል ደረስሁ። ከዚያ በላይ ለመማር የእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ነበረ። ያለፈ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል፤ የወደቀ ቤቱ ይቀመጣል። ቤት መቀመጥ ማለት ለእኔ ዕድሜዬን ሙሉ አባቴ የሚፈሩትን ስፈራ መኖር ነበር። ስለዚህ እንደዚያ ፈተና የፈለግሁት ነገር አልነበረም፤ የፈራሁትም ነገር አልነበረም።

መምህራችን ሕንዳዊ ነበሩ። መስተዋድድን ከመጽሐፍ አያስተምሩም፤ ሰው አቁመው ነው የሚያስተምሩት። እኔንና አብሮኝ አንድ አግዳሚ ላይ የሚቀመጠውን ልጅ ያስነሡና «ስታንድ ቢሃይንድ ሂም» ይሉኛል፤ ሄጄ ከኋላው እቆማለሁ። ልጁ የጭሰኛችን ልጅ ነው። አባቱ የእኛን መሬት ያርሱ ነበር፤ ወይም አባቴ አንዴ እንዳሉት፣ የራሳቸውን መሬት ለእኛ ያርሱ ነበር። እኛ ቤት እህል ይዘው የሚመጡት አባቱ ነበሩ፤ እሱ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም።

እንግሊዝኛ አስቸገረኝ። በእኛ አፍ «ከኋላዬ» አንድ ትንፋሽ ነው፤ ቃሉና ሰውየው ተጣብቀው ይኖራሉ። በእንግሊዝኛ ግን መስተዋድዱ ለብቻው ይቆማል፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ተውላጠ ስም ደግሞ መልኩን ይለውጣል። «አይ» የነበርሁት ሴት «ሚ» እሆናለሁ፤ «ሂ» የነበረው ልጅ «ሂም» ይሆናል። ስም ግን ንቅንቅ አይልም፤ ከፊቱ ምን ቢመጣ በር በር ነው። እኔ በእሱና በእኔ መካከል ለማለት ሁልጊዜ «ቢትዊን ሂም ኤንድ አይ» እያልሁ እሳሳታለሁ፤ ልጁ በክርኑ ጎሸም ያደርገኝና «ሚ በይ እንጂ! ሚ!» ይለኛል። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ጠጠር ከእግሩ ፊት፣ ከኋላው፣ በእሱና በእኔ መካከል እያስቀመጠ ያስጠናኝ ነበር። ፈተናው ሲቃረብ እንቅልፍ አጣሁ፤ እሱ ግን ይስቅብኝ ነበር።

«ሂን ሶዳቲን ያ ኢንተላ፣ አትፍሪ አንቺ ልጅ» አለኝ፣ በኦሮምኛ ጀምሮ። «ፈታኝ ሰው አይበላም።»

የፈተናው ዕለት ከሳነቴ ተራራ የወረደው ጉም ከሰዓት በኋላውን ምሽት አስመሰለው። ከአዲስ አበባ የመጣው ፈታኝ በብርድ ጥርሱ ይንገጫገጭ ስለነበር ክፍሉ ውስጥ ምድጃ ሙሉ ከሰል ተቀጣጠለለት። ከሰሉ እንዳያፍነው ደግሞ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። እሱ ከእሳቱ ማዶ ተቀመጠ፤ መምህራችን አጠገቡ ቆሙ። ተራዬ ደርሶ ስገባ ያየሁት ፈታኙን አልነበረም፤ እሳቱንና በሩን ነበር።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀና። መጽሐፉን ከወንበሩ ሥር አድርጊ አለኝ፣ አደረግሁ። ብዕሩን ለመምህርሽ ስጪ አለኝ፣ ሰጠሁ። ከዚያ በእጁ እያሳየ «ስታንድ ቢትዊን ዘ ፋየር ኤንድ ዘ ዶር» አለ፤ በእሳቱና በበሩ መካከል ቁሚ ማለቱ ነው። ገባኝ። እንደዚያን ቀን እንግሊዝኛ ጥርት ብሎ ገብቶኝ አያውቅም። እግሬ ግን አልታዘዝ አለ። ፈታኙ ያልገባኝ መስሎት ደገመልኝና ውጤቴን ሊጽፍ የራሱን ብዕር ቀለም ውስጥ ነከረ። መምህራችን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወደቅሁ ማለት ነው ብዬ አሰብሁና፣ ከጦሩ ይልቅ ያ ብዕር አስፈራኝ። ሄጄ ቆምሁ፤ እሳቱ ከፊቴ፣ ክፍቱ በር ከኋላዬ።

ፈታኙ ከኋላዬ ማን እንዳለ ጠየቀኝ። ዘወር ስል ጓደኛዬ ደፉ ላይ ቆሟል፤ ቀጣዩ ተራ የእሱ ነበር። ለብርዱ በጋቢ ተሸፋፍኗል፣ መንገደኛ ሁሉ የሚይዘውን ረጅም ዱላ ይዟል። ዓይኑን ብቻ ነበር የማየው፤ ዓይኑ አይዞሽ ይለኝ ነበር።

በዚህ መሃል አባቴ ጉሙን ፈርተው ሊወስዱኝ መጥተው ግቢው ውስጥ ገብተው ኖሯል። ያዩት እሳት ነው፣ በእሳቱ ፊት የቆመች ልጃቸውን ነው፣ በሩ ላይ ደግሞ ተሸፋፍኖ ረጅም ነገር የያዘ ሰው ነው። ጩኸታቸውን ሰማሁ። የእግራቸው ኮቴ መጣ። ልጁን በትከሻቸው ገፍትረው ጭቃው ላይ ጣሉትና ዘለው ገቡ፤ ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ በሩን በሰውነታቸው ዘጉት።

ፈታኙ ከወንበሩ ተነሣ። መምህራችን የልጅቷ አባት ናቸው ብለው አረጋጉት። ፈታኙም ቀልድ የሚወድ ሰው ኖሮ፣ ፈገግ አለና «ዌር ኢዝ ዮር ፋዘር?» አለኝ። አባትሽ የት ናቸው ማለቱ ነው። ከፍርሃት በቀር ምንም ያልቀረው አእምሮዬ የተጠናውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ ወጣ።

«ሂ ኢዝ ቢትዊን ሂም ኤንድ ሚ።» አባቴ በእሱና በእኔ መካከል ናቸው ማለቴ ነው።

«ቬሪ ጉድ!» አለ ፈታኙ፤ ቁጭ ብሎ ጻፈ። ማለፌ ነበር።

አባቴ ያልሁትን አልሰሙትም፤ እንግሊዝኛ አያውቁም። በትከሻቸው ላይ አሻግሬ ሳይ ጓደኛዬ ከጭቃው እየተነሣ ነበር። እሱ እያንዳንዷን ቃል ሰምቷል። የገፈተሩትን አባቴን አላያቸውም፤ የሚያየው እኔን ነበር። አፌን ከፈትሁ፣ ግን በየትኛው ቋንቋ ምን እንደምለው ጠፋኝ።

መምህራችን ተራው ነውና ጠሩት። ደጃፉ ላይ ሰው አልነበረም። ወጥተው እስከ አጥሩ ሄዱ፤ ስሙን እየደጋገሙ ሲጣሩ ይሰማን ነበር፣ የመለሰ ግን የለም።

«ማን ነበር?» አሉኝ አባቴ። እጃቸው ገና አልወረደም።

«የጭሰኛችን ልጅ ነው፣ አባባ። ያስጠናኝ እሱ ነው።»

አባቴ ግድግዳው ሥር ቁጭ አሉ። «አባቱን አውቀዋለሁ» አሉ። «ፊቱን ግን አላየሁም ልጄ። ሰው መሆኑን ብቻ ነው ያየሁት።»