የማርያም ጓሳ ሰማያዊ ቢራቢሮዎች

ደብረ ታቦር

ጥቅምት በገባ በሳምንቱ ከእህቴ ከየሺ ጋር በበቅሎ ተነሣን። የሺ ታላቄ ናት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝም እሷው ናት። ሞራ ዓይኗን እየጋረደው ነው። ጨርሶ ሳይጨልምባት ያደግንበትን የማርያም ጓሳና ሰማያዊ ቢራቢሮዎቹን ማየት ተመኘች። ቢራቢሮዎቹ የአውራ ጣት ጥፍር ያክላሉ፤ ክንፋቸውን ሲያጥፉ አመድማ ሆነው ከሣሩ አይለዩም። ከዚያ ጓሳ በቀር የትም አይተናቸው አናውቅም።

ጓሳው፣ ያ የረጅም ሣር መስክ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ክዳን ነው። ጣራው እስኪያረጅ ማጭድም ከብትም አይነካውም፤ የደፈረ ይገዘታል። የሺ ግን ዓምና ስለ ዓይኗ ተስላ ለማርያም ቆርቆሮ ልካለች።

"ስለት ከሰመረ በኋላ ነው የሚገባው" ብላት፣ "ከእመቤቴ ጋር አልከራከርም" አለችኝ።

ጉና ሥር

መንገዱ ጭቃ፣ ብርዱም አጥንት ሰርሳሪ ነው። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የተባለው እዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ እኛ የያዝነው ግን የገብስ ቆሎ ብቻ ነበር። ክምር ድንጋይ ከተማ አድረን ማለዳ ወደ ጋይንት አቀናን።

ማርያም

ከዳገቱ ስንወርድ የሚያብለጨልጭ ጣራ አየሁ። ዙሪያውን ገብስ ነው።

"ደረስን? ሣሩ ታየህ?" አለችኝ። የበቅሎዋን ልጓም ይዤ ቁልቁል መራኋት።

ቄስ ደሳለኝ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ እየሮጡ መጡ።

"እንኳን ደህና መጡ እመት የሺ! ይኸውልዎ ቆርቆሮዎ! የእርስዎን አይቶ እኮ ነው አገሩ ሁሉ ቆርቆሮ ያዋጣው።"

"ጓሳውስ፣ አባ?"

"ክዳን ከቀረ ምን ይሠራል ብለን አረስነው። ገብሱ ለእመቤታችን ዝክር ይሆናል።"

በየክረምቱ መቅደሱ ሲያፈስባቸው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ምን እላቸዋለሁ? ተናደድኩ፤ የምናደድበት ሰው ግን አጣሁ።

የሺ ከበቅሎዋ ወርዳ ወሰን ለወሰን ጎንበስ እያለች ቢራቢሮዎቹን ፈለገች። እኔም ፈለግሁ። አንድም አልነበረም። ሲመሽ የቤተ ክርስቲያኑን በር ሳመችና "ደስ ብሎኛል፣ አባ" አለቻቸው። እውነቷን ነበር።

መመለሻ

ቢራቢሮዎቹን ሲጠብቃቸው የኖረው ግዝቱ ይመስለኝ ነበር። ያኖራቸው ሣሩን አስፈላጊ ያደረገው የጣራው ማርጀት እንደሆነ የገባኝ በዚህ ጉዞ ነው።

ቤታችን ስንገባ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። የሺ በሩ ላይ ቆማ አዳመጠች።

"እመቤቴ ቤት ዛሬ አያፈስም" አለች።

ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ አለቀሰች።